ስለ ባለእጀታው የልብስ ማጠቢያ መኪና

በጅማ ከተማ በአዌቱ ወንዝ አጠገብ በማለዳ የሚያልፍ ሰው ልብስ አጣቢዎችን ሳያይ አይቀርም። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ጋቢውንና አንሶላውን በድንጋይ ላይ ሲያሹ፥ ሲረግጡና ሲጨምቁ ይታያሉ። በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፥ በሌሎቹም የቡና ከተሞች፥ የወንዙ ስም ቢለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው። ንጹሕ ልብስ ለመልበስ ሲባል የሚደከም ድካም ስለ ሆነ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ አኳኋን የሚያጥብ ሰው ሁለት ዕዳ ይከፍላል፤ እግሩ ከወንዙ ውሃ ሳይወጣ ይቆያል፤ እጁም ከሚችለው ሙቀት በላይ የሞቀ ውሃ ሊጠቀም አይችልም። ፊተኛው ዕዳ በአጣቢው ገላ ላይ፥ ኋለኛው ግን በልብሱ ባለቤት ላይ የሚወድቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ኤሌክትሪክ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት በአውሮጳና በአሜሪካ ይሠራበት ስለ ነበረው፥ በእጅ እየተዘወረ ልብስ ስለሚያጥብ መኪና ነው። መኪናው ለዓይን ሲታይ ክዳን ያለው በርሜል ነው፤ ከክዳኑ ወይም ከጎኑ እጀታ ወጥቶለታል፤ ከዚህ በቀር የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ብዙ ሰዎች የእጀታውን ጥቅም ድካም በማቅለሉ ብቻ ይመዝኑታል። በእኛ አስተያየት ግን የሚበልጠው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ይኸውም ልብሱ በውሃ ውስጥ ሲታሽ አጣቢው ከውሃው ውጭ እንዲሆን ማድረጉ ነው። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወንዙ እንናገር። ቢልሐርዚያ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከትል ነው። የበሽተኛው ዓይነ ምድር ወደ ወንዝ ሲገባ የትሉ እንቁላል በውሃው ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ትል በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ገላ ውስጥ ይባዛና እንደገና ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከዚያም በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለዚህ ሥራው ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ሰውየውም ብዙውን ጊዜ አያውቀውም። በጅማ ከተማ በአዌቱና በሌሎች ወንዞች አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የአንጀት ቢልሐርዚያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ግማሽ ቀን ሙሉ በወንዝ ውስጥ ቆሞ የሚያጥብ ሰው፥ የሌላውን ልብስ ሲያነጻ በራሱ ገላ ላይ በሽታ ሊያገባ ይችላል።

በዚህ ረገድ ለአገራችን ስም ያስገኘ አንድ ታሪክ አለ። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ የቢልሐርዚያን ነገር ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አገኙ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና የሚጠቀሙበት የእንዶድ ፍሬ በሽታውን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ዶክተር አክሊሉም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 ዓ.ም. ስለዚህ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሳሙና ለሚያጥበው ለዛሬው ከተሜ ከወንዙ ፈጽሞ መውጣት ይሻለዋል።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ሙቀት ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት አለብን። የገላ ቅማል የምትኖረው በሰው ቆዳ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። እንቁላሏን የምትጥለውም በዚያው ነው፤ ወደ ገላ የምትመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ገላውን ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ የሚለብስ ሰው ከቅማል አይድንም። ቅማል ከምታመጣቸው በሽታዎች መካከል ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ይገኛሉ። የሚያገረሽ ትኩሳት ማለት ጥቂት ቀን በብርቱ አተኩሶ የሚለቅና ሰውየው ድኛለሁ ሲል ተመልሶ የሚመጣ ነው። አብዛኛው ዓለም የረሳው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ እስካሁን አልጠፋም፤ ይልቁንም በክረምት፥ ድኾች በአንድ ጣራ ሥር ተጨናንቀው በሚያድሩበት ቦታ ይነሣል። ቡና ለቀማ በሚሆንበት ወራት ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ያለ ቅያሬ ልብስ ከብዙ ባልንጀሮች ጋራ የሚያድረው ሠራተኛ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መነቀፍ አለበት። ቅማልን በሁለት ጥፍር መካከል ጨፍልቆ መግደል ለብዙ ሰው የጽዳት ሥራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚያገረሽ ትኩሳት ሕዋስ ወደ ሰው የሚገባው ቅማሏ ተጨፍልቃ ከውስጧ የወጣው ፈሳሽ የተጫረ ቆዳ ሲነካ ነው።

በልብስና በተስቦ መካከል ያለውን ግንኙነት ለዓለም ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል ነው። በቱኒስ ከተማ የሚገኘውን ሐኪም ቤት ሲመለከት አንድ ነገር አስደነቀው። የተስቦ በሽተኞች በከተማው ሳሉ በሽታውን ለሌላው ያስተላልፋሉ፤ በሐኪም ቤቱ በር ላይ ልብሳቸውን የሚቀበሉትና የሚያጥቡትም ሰዎች ይታመማሉ፤ በሽተኞቹ ገላቸውን ታጥበው የሐኪም ቤቱን ልብስ ለብሰው ወደ ክፍላቸው ከገቡ በኋላ ግን ከጎናቸው የተኛውን እንኳ አይነኩም። እንግዲህ በሽታው በበሩ ላይ የቀረው ከልብሱ ጋራ ነው ብሎ አሰበ፤ በ1909 ዓ.ም. አስተላላፊዋ ቅማል መሆኗን በምርመራ አረጋገጠ፤ በ1928 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ቅማልና እንቁላሏ በልብስ ውስጥ ሳሉ በርግጥ እንዲሞቱ የማጠቢያው ውሃ ሙቀት 60 ዲግሪ ሴንቲግራድ ያህል መሆን አለበት። የሰው እጅ ግን ከ45 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ሊሠራ አይችልም። በእጁ የሚያሽ አጣቢ ምንም ትጉህ ቢሆን፥ እርሱ የሚችለውን ሙቀት ቅማሏም ትችለዋለች። ይህን የ15 ዲግሪ ልዩነት የሚያሻግረው እንግዲህ እጀታው ነው።

ልብስን በድስት ቀቅሎ በዘንግ ማማሰል አይበቃምን የሚል ጠያቂ ቢኖር፥ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቅማሉን ለመግደል ይበቃል። እድፉን ለማስለቀቅ ግን ልብሱ መታሸት አለበት፤ ከባድ ጋቢ በሞላበት ድስት ውስጥ ዘንግ ማዞርም ክንድን የሚያዝል ሥራ ነው። መኪናውም የተወለደው ከዚሁ ከማማሰያው ዘንግ ነው። በአውሮጳ ሴቶች ጫፉ ላይ አጫጭር እግሮች የተተከሉበት ዘንግ በገንዳ ውስጥ ግራና ቀኝ እያጠማዘዙ ያጥቡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሰዎች ዘንጉን ከክዳኑ ጋራ አያያዙት፤ በላዩም እጀታ አደረጉበት። በ1760ዎቹ ዓመታት ያኮብ ክርስቲያን ሼፈር የተባለ ጀርመናዊ በሬገንስቡርግ ከተማ ስለ ማጠቢያ መኪና ጽፎ አሳተመ። በ1782 ዓ.ም. ሄንሪ ሲጂየር የተባለ እንግሊዛዊ ከእንጨት ዘንጎች የተሠራ፥ በእጀታ የሚዞር በርሜል በስሙ አስመዘገበ። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት፥ በብሉፍተን ከተማ፥ ዊልያም ብላክስቶን የተባለ የእርሻ መሣሪያ ነጋዴ ለሚስቱ የልደት ቀን ስጦታ እንዲሆን አንድ መኪና እንደ ሠራላት ይነገራል፤ በኋላም እየሠራ በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሸጠው ነበር።

የብላክስቶንን መኪና አሠራር ለጅማ ሰው ማስረዳት ከሌላው ይልቅ ይቀላል። የጅማ ጠራቢዎች ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለ በርጩማ እግሮቹ ወደ ታች እንደ ሆኑ ከበርሜሉ ክዳን ሥር ተንጠልጥሎ ይታሰብ። የብላክስቶን በርጩማ እግሮች ስድስት አጫጭር የእንጨት ችካሎች ነበሩ። በክዳኑ ላይ ያለው እጀታ ሲንቀሳቀስ በርጩማው በጥርሳም መዘውሮች አማካይነት ወደ ግራ፥ ከዚያም ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ችካሎቹም ልብሱን እየያዙ በሞቀ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይጎትቱታል።

በርጩማው ወደ አንድ ወገን ብቻ ለምን አይዞርም? ቢዞር ኖሮ ልብሱ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል፤ ውሃውም ከልብሱ ጋራ አብሮ ይዞራል። ውሃና ልብስ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ውሃው በክሩ መካከል ስለማያልፍ እድፉ አይለቅም። አቅጣጫው በድንገት ሲለወጥ ግን ልብሱ ወደ ኋላ ሲመለስ ውሃው ገና ወደ ፊት ይገፋል፤ ያን ጊዜ ውሃው ልብሱን ሰንጥቆ ያልፋል። መታጠብ ማለት ይህ ነው። መምህራን ይህን ነገር በክፍል ውስጥ በአንድ ሳሕን ውሃና በአንድ መሐረብ ሊያሳዩ ይችላሉ።

በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አጣቢው እጀታውን ራሱ ወዲያና ወዲህ ይገፋው ነበር። ይህ ክንድን ስለሚያደክም፥ በኋላ የመጡት እጀታውን ወደ አንድ ወገን ብቻ እያዞሩ በርጩማው ግን እንዲመላለስ የሚያደርግ ዘዴ አገኙ። ዘዴው የሚከተለው ነው። እጀታው አንድ ክብ ብረት ያዞራል፤ ከክቡ ብረት ጠርዝ ላይ አንድ ችንካር ቆሟል፤ በችንካሩ ላይ አንድ ክንድ ተያይዟል። ክቡ ብረት ሲዞር ክንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። የክንዱ ሌላ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለውን ቀጥ ያለ ብረት ይገፋል፤ ይህም ጥርስ በበርጩማው ዘንግ ላይ ካለው ትንሽ ጥርሳም መዘውር ጋራ የተገጠመ ነው። ለምሳሌ ቀጥ ያለው ብረት በአንድ ጉዞ 20 ጥርስ ቢያሳልፍና ትንሹ መዘውር 20 ጥርስ ቢኖረው፥ በርጩማው አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ይመለሳል። ትንሹ መዘውር 10 ጥርስ ብቻ ቢኖረው ሁለት ዙር ይዞራል፤ ነገር ግን እጀታው በዚያው መጠን ይከብዳል።

ይህ ለአንባቢው አዲስ ነገር አይደለም። በገበያችን የሚገኘው የልብስ ሰፊ የእጅ መኪና ክቡን ዙረት ወደ መርፌ መውጣትና መውረድ የሚለውጠው በተመሳሳይ ዘዴ ነው። በአብዛኞቹ የእጅ መኪናዎች እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር መርፌው ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ የሚጠራጠር ቢኖር ቀረብ ብሎ ይቁጠር። በእጅ የሚዞረውን የቡና መፈልፈያ ያየ ሰው ደግሞ በጎኑ ያለውን ከባድ መዘውር ያስታውሳል። የሰው ክንድ እጀታን ሲያዞር ሲገፋ ይበረታል፥ ከላይና ከታች ሲደርስ ይደክማል። ከባዱ መዘውር በብርታቱ ጊዜ የተቀበለውን ጉልበት በድካሙ ጊዜ ስለሚመልስለት ሥራው ሳይቋረጥ ይሄዳል። በማጠቢያው መኪና ላይ የተጨመረውም መዘውር ይኸው ነው።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። አንደኛው እንደ ሕፃን አልጋ የሚወዛወዝ ገንዳ ነው፤ ወተት ስትንጥ ቅሉን ወዲያና ወዲህ የምታመላልስ ባልቴት ሥራውን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች። ሁለተኛው የሲጂየር ዓይነት፥ ራሱ በርሜሉ በጎኑ ተጋድሞ የሚዞረው ነው። በዚህ ውስጥ ልብሱ ከበርሜሉ ግድግዳ ጋራ ወደ ላይ ይወጣና በክብደቱ ተመልሶ ይወድቃል፤ ሲወድቅም በድንጋይ ላይ እንደ ተመታ ያህል ውሃው ተጨምቆ ይወጣል። በዚህ መኪና ላይ መቸኮል ጥቅም የለውም። የውስጡ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ በርሜል በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል ከዞረ ልብሱ ከግድግዳው ጋራ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይወድቅም፤ ስለዚህ አይታጠብም። በደቂቃ 40 ጊዜ ማዞር ይበቃል፤ ይህም ለክንዱ ይቀለዋል።

ለአገራችን አናጢ የሚስማማው የትኛው ነው ብንባል ጥርሳም መዘውሩን አንመርጥም። ጥርሱ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ምትኩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ለልጆችም ጣት አደገኛ ነው፤ ያለው ሰው እንኳ በቆርቆሮ ሊሸፍነው ይገባል። በሁለት ድጋፍ ላይ ተጋድሞ የሚዞር በርሜል፥ ወይም እጀታው በቀጥታ ከዘንጉ ላይ የተተከለበት በርጩማ፥ ለሥራም ለጥገናም ይቀላል። ይህ ነገር አርጅቶ የተጣለ ሐሳብ እንዳይመስል፥ ናቭ ሶውኒ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ2018 ዓ.ም. በጀመረው ሥራ በእጅ የሚዞር የበርሜል መኪና አሠርቶ፥ በኢራቅ በሚገኙ የስደተኞች ሰፈሮች እንዲታደል ማድረጉን እንጠቅሳለን።

አሁን ስለ ሙቀቱ ተግባር። እጀታው ልብሱን ያንቀሳቅሳል እንጂ ውሃውን አያሞቅም። ጤነኛ ሰው በእጁ እያዞረ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ከ50 ዋት ብዙ አያልፍም፤ 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በዚህ ኃይል ብቻ 65 ዲግሪ ይሙቅ ቢባል ሃያ ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት መዞር ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሃው በእሳት መፍላት አለበት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ በእርስዋ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው እንዲህ ያድርግ፤ ሁለት እጅ የፈላ ውሃና አንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀላቅል። ድብልቁ 69 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ በርሜሉና ልብሱ ጥቂት ካቀዘቀዙት በኋላ ከ60 ዲግሪ አጠገብ ይቀራል። እኩል በእኩል የቀላቀለ እንደ ሆነ ግን 57 ዲግሪ ላይ ስለሚጀምር ወዲያው ዝቅ ይላል። ሳሙናው አስቀድሞ በውሃው ይሟሟ፤ ልብሱ ከበርሜሉ ግማሽ አይለፍ፤ ክዳኑ ተገጥሞ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቀዝቃዛው ውሃ አስቀድሞ ይግባ፥ የፈላው ከላዩ ይጨመር፤ ሕፃናትም በዚያ ሰዓት አጠገቡ አይቁሙ።

የሱፍ ብርድ ልብስ በዚህ ሙቀት ከታሸ ይኰማተራል፤ ስለዚህ ወደ መኪናው አይገባም። እርሱን አየር በማያስገባ ላስቲክ ከረጢት አሥሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይበቃል፤ የገላ ቅማል ደም ካላገኘች ከሳምንት በላይ አትኖርም፤ ከእንቁላል የተፈለፈለችውም እንዲሁ ትሞታለች። በጅማ ዝናቡ ብዙ ስለ ሆነ በክረምት የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ ያን ጊዜ የከሰል ካውያ ትልቅ ረዳት ነው። በካውያ ላይ የሚሠራ ሰው ሰፊውን ጨርቅ ለማሳመር ይተጋል፤ ስፌቱን ግን ቸል ይለዋል። ቅማል የምትሸሸገው በስፌቱ ውስጥ ነውና ልብሱን ገልብጦ አንገትጌውን፥ ብብቱንና የሱሪውን መታጠቂያ መተኰስ ያስፈልጋል።

እጥበቱ ሲያበቃ የቆሸሸው ውሃ ወደ ወንዝ አይመለስ፤ ከጉድጓድ ውሃ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይፍሰስ። በርሜሉ ከእንጨት የተሠራ ከሆነ በደረቀ ጊዜ ሳንቃዎቹ ይላቀቃሉ፤ በሚቀጥለውም እጥበት ውሃው በየስንጥቁ ይፈሳል። ስለዚህ በሥሩ ጥቂት ንጹሕ ውሃ መተው ነው፤ ወባንና ሌላ በሽታን የምታመጣ ትንኝ እንዳትራባበት ግን ክዳኑን ገጥሞ፥ ውሃውን በየሦስት ቀኑ መለወጥ ነው። ደርቆ የተገኘ በርሜል ደግሞ አንድ ሌሊት ውሃ ሞልቶ ቢያድር እንጨቱ አብጦ ይገጥማል።